የድንበር ሕጉ ቢጸድቅ ኖሮ ለጥገኝነት ጠያቂው ይበጀው ነበርን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሜክሲኮ ድንበር በኩል ወደ አሜሪካ ገብቶ የጥገኝነት ጉዳዩን በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እየተከታተለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሴኔቱ ስለወደቀው የድንበር ረቂቅ ሕግ በተነሣ ቁጥር፣ በዕድራችን ውስጥ ገሚሱ «እንኳን ወደቀ» ሲል ገሚሱ «ቢጸድቅ ይሻለን ነበር» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እኔ ለሁለተኛው ወገን አደላለሁ፤ የመጀመሪያዎቹም ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ሪፐብሊካኑ ጄምስ ላንክፎርድ፣ ዴሞክራቱ ክሪስ መርፊና የግል ተመራጯ ኪርስተን ሲነማ ለወራት ተደራድረው ያቀረቡት ረቂቅ ጥብቅ ነበር። ጥገኝነት ጠያቂው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ፍርሃቱን የሚያስረዳበትን መመዘኛ ከፍ ያደርጋል፤ በሰባት ተከታታይ ቀናት በአማካይ በቀን 5,000 ሰው ድንበር ላይ ከተመዘገበ ደግሞ፣ ከሕጋዊ መግቢያ ውጭ ለሚሻገር ሰው የጥገኝነትን በር በአብዛኛው ይዘጋል። ሸሽቶ የመጣ ሰው መቼም ማስረጃውን አደራጅቶ አይጓዝም።

ይሁን እንጂ ያው ረቂቅ ምዘናውን ላለፈ ሰው የሥራ ፈቃድ ወዲያው እንዲሰጠው፣ ጉዳዩም በጥገኝነት መርማሪ እጅ በ90 ቀናት ገደማ እንዲወሰን ያዝዝ ነበር። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የተከማቸው መዝገብ ከ3 ሚሊዮን በላይ በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በወቅቱ ዕጩ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ ስለተቃወሙት አብዛኞቹ ሪፐብሊካን ሸሹት፤ ጥቂት ዴሞክራቶችም በጥብቅነቱ ምክንያት አልደገፉትም፤ 60 ድምፅ ሲያስፈልገው ፌብሩዋሪ 7 ቀን በ49 ድጋፍና በ50 ተቃውሞ ቀረ። ጥብቅነቱ ግን አብሮት አልቀረም። ጆ ባይደን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ገደቡን ወደ 2,500 ያወረደ ዐዋጅ አወጡ፤ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 «ወረራ» ብለው የጥገኝነትን በር በድንበሩ ላይ ዘጉ፤ በጁላይ ደግሞ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣናቸው አልፈዋል ሲሉ ወሰኑ። ረቂቁን የጣሉት ወገኖች ያገኙት እንግዲህ ክልከላውን ያለ ሥራ ፈቃዱና ያለ 90 ቀኑ ነው፤ እሱም በምርጫና በችሎት የሚለዋወጥ ክልከላ።

ለወንድምዎ ይበልጥ የሚቀርበው 60 ድምፅ ሳያስፈልገው በጁላይ 2025 የጸደቀው የበጀት ሕግ ነው። ለጥገኝነት ማመልከቻ 100 ዶላር፣ ጉዳዩ ሳይወሰን ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ዓመትም ሌላ 100 ዶላር ደንግጓል፤ ክፍያው በእሳቸው መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚፈጸም ጠበቃቸውን ይጠይቁ። ቀጠሮም እንዳያልፋቸው፤ በሌሉበት የመባረር ትእዛዝ ሊተላለፍባቸው ይችላል።