ለድምፅም ለክራርም የሚሆን አንድ ማይክ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው ደሴ ነው። እኔ እዘፍናለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ክራርና ማሲንቆ ይጫወታል። ሥራዎቻችንን እቤታችን ለመቅረጽ አስበን አንድ ላፕቶፕና ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) አግኝተናል፤ የቀረን ማይኩ ነው። የምንቀርጽበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሚከፈት ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይሰማል። አንድ የዕቃ ነጋዴ «ዳይናሚክ ማይክ ለመድረክ ነው፤ ለቀረጻ ኮንደንሰር ካልሆነ አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነው? ዋጋው ከ100 ዶላር ብዙም ሳይበልጥ ለድምፅም ለመሣሪያም የሚያገለግል አንድ ማይክ ቢመርጡልኝ።

መልስ

ነጋዴው የነገረዎት በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ነገር ቢሆንም ለእርስዎ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት ዳይናሚክ ማይኮች ሁለቱ፣ ማለትም የሹር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ያወጣቸው ኤስ ኤም 57 እና ኤስ ኤም 58፣ ስማቸው የጀመረባቸው ሁለቱ ፊደላት የ«ስቱዲዮ ማይክሮፎን» ምኅጻረ ቃል ናቸው። መድረኩ በኋላ ወረሳቸው እንጂ ሲሠሩ የታሰበላቸው ቤት ስቱዲዮ ነበር፤ ዛሬም ከስቱዲዮ አልወጡም።

በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ከውስጣቸው አሠራር ይጀምራል። በዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ድምፅ ሽፋኑን ሲያርገበግበው ጥቅሉ በማግኔት መካከል ወዲያና ወዲህ ስለሚል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ኃይል አያስፈልገውም፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። በአንጻሩ ሽፋኑ የሽቦውን ክብደት ተሸክሞ ስለሚንቀሳቀስ እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን ድምፆች እንደ ኮንደንሰር አጥርቶ አይዝም፤ የሚያመነጨው ኃይልም አነስተኛ ነው። የኮንደንሰር ሽፋን ቀላል በመሆኑ የጣት ፍትጊያና የትንፋሽ ዝርዝር ሳይቀር ይይዛል፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት እንዲላክለት ይፈልጋል። ችግሩ፣ የቆርቆሮውን ጩኸትና የሲሚንቶውን ነጸብራቅም በዚያው ጥራት ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ዳይናሚክ ማይክ የባጃጅን ድምፅ ከዘፋኝ ድምፅ ለይቶ የሚተውበት ምሥጢር የለውም። የሚጠቅመው ተጠግተው እንዲዘፍኑበት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ነው። በአፍዎና በማይኩ መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ በቀነሱ ቁጥር የእርስዎ ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፤ ከመንገድ የሚመጣው ጩኸት ግን ባለበት ይቆያል። ያን ጊዜ የካርዱን መክፈቻ፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ዝቅ ሲያደርጉ ባጃጁም አብሮ ዝቅ ይላል። ከ60 ሳንቲሜትር ርቀው ለሚዘፍኑበት ዳይናሚክ ማይክ 100 ዶላር መክፈል ገንዘብን መጣል ነው። (ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ደግሞ የትኛውም ማይክ አይረዳዎትም፤ ቡና አፍልታችሁ እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል።)

ወደ ምርጫው ልምጣ። ዋጋውን በዶላር የምጽፈው የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምጽፈው የብር ዋጋ መጽሔቱ እጅዎ እስኪገባ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ኤስ ኤም 57 እና ኤስ ኤም 58 ውጭ አገር እያንዳንዳቸው 100 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። ውስጣቸው የተመሠረተው በአንድ ዓይነት ንድፍ ላይ ሲሆን ዋናው ልዩነት ጭንቅላታቸው ነው። የ58ቱ ክብ ወንፊት በውስጡ ስፖንጅ ስላለው የዘፋኙን ትንፋሽ ይሰብራል። የ57ቱ ጭንቅላት ግን ጠፍጣፋና ጠባብ በመሆኑ ከመሣሪያ ቆዳ ወይም ከአውታር አጠገብ በቀላሉ ይጠጋል፤ ከላይኛው የድምፅ ክፍልም ትንሽ ብርሃን ይጨምራል። አንድ ብቻ ግዙ ከተባላችሁ እኔ የምመርጥላችሁ 57ቱን ነው፤ ለዘፈን ሲሆን በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ የስፖንጅ ቆብ ያልብሱት። ዘፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ 58ቱን፣ ወይም በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኘውን የሴንሃይዘር ኢ 835 እመክር ነበር።

ገንዘቡ ካልሞላ ደግሞ ውጭ አገር ከ20 እስከ 25 ዶላር የሚሸጠው የቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 አለ። ከ58ቱ ጋር ጎን ለጎን ቢሰሙት የላይኛው ድምፁ ሻከር ይላል፤ ይሁን እንጂ በተገቢው ርቀት የተቀመጠ 8500 በግድየለሽነት ከተቀመጠ 57 የተሻለ ቀረጻ ሲያወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በተረፈው ገንዘብ ጠንካራ ስታንድና ጥሩ ገመድ ይግዙ። ማይክን በእጅ ይዞ መቅረጽ ርቀቱን በየስንኙ ይለዋውጠዋልና ስታንድን እንደ ትርፍ ዕቃ አይቁጠሩት።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ሲዘፍኑ በከንፈርዎና በማይኩ መካከል የአራት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ማይኩንም ፊት ለፊት ከመደቀን ይልቅ ከአፍዎ ወደ ጎን ጥቂት ዘንበል ያድርጉት። አማርኛችን «ፐ» የማይበዛበት ቋንቋ መሆኑ ለቀራጭ ጸጋ ነው፤ ሆኖም «በ» እና «ፈ» የሚወረውሩት ትንፋሽ ሽፋኑን በቀጥታ ከመታው ቀረጻው ላይ «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ማይኮች ከፊት በሚመጣ ድምፅ ላይ የሚያተኩሩ በመሆናቸው እጅግ በተጠጓቸው መጠን ቤዙን (ወፍራሙን የድምፅ ክፍል) ያበዙታል። ቀጠን ላለ ድምፅ ይህ ሙላት ይሰጣል፤ ወፍራም ድምፅ ላለው ሰው ግን ግጥሙ እንዳይሰማ ያደርጋል። ስለዚህ አንዱን አዝማች በሦስት የተለያየ ርቀት ቀርጸው ያወዳድሩ።

ለክራሩ ማይኩን አውታሮቹ ቆዳው ላይ ወደሚያርፉበት ቦታ አቅጣጫ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አርቀው ያስቀምጡት። ወንድምዎ የሚጫወተው በብረት አውታር ከሆነና ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ከመሰለዎት፣ የቅንብር ፕሮግራሙን ከመነካካትዎ በፊት ማይኩን ጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ያዙሩት። ማሲንቆው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደጋኑ ፍትጊያ የሚወጣበትና የመሣሪያው ድምፅ የሚወጣበት ቦታ የተለያዩ ናቸው፤ ማይኩ ደጋኑ ጭራውን ወደሚነካበት ቦታ ካነጣጠረ ፍትጊያው ዜማውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገው ወደ ቆዳው ያነጣጥሩት። ስለ በገና አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ወንድምዎ አንድ ቀን ወደዚያ ቢያመራ ምክሬን እለውጣለሁ። የበገና ድምፅ ዝግ ያለ ነው፤ ከአሥሩ አውታሮች ጋር የሚርገበገቡት እንዚራዎች (ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች) የሚሰጡት ዝርዝርም ለኮንደንሰር የተገባ ነው፤ ለዚያ ጸጥ ያለ ክፍል መፈለግ ይኖርባችኋል።

ማይኩ አንድ ስለሆነ ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ ባትቀርጹ ይሻላል። መጀመሪያ ክራሩ ይቀረጽ፤ ከዚያ እርስዎ ጆሮ በሚሸፍን የጆሮ ማዳመጫ እያዳመጡ ድምፅዎን ይጨምሩበት። ከኋላዎ ካለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፤ ማይኩ ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞረ በመሆኑ በቀጥታ የሚያየው ያንን ግድግዳ ነው።

ጥያቄ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ወደ አገር ቤት ስሄድ የአጎቴ ልጅ ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ እንዳመጣለት ጠይቆኛል። ዋጋው 400 ዶላር አካባቢ ሆኖ አገኘሁት። እሱ ገና ጀማሪ ዘፋኝ ነው። ይህን ያህል ማውጣት ተገቢ ነው? የኤሌክትሪኩ ኃይል መለያየትስ አያበላሸውም?

መልስ

ኤስ ኤም 7 ቢ ግሩም ማይክ ነው፤ ለአጎትዎ ልጅ ግን አሁን አልመክረውም። ይህ ማይክ ከዳይናሚኮች መካከል እንኳ ደካማ ኃይል ከሚያመነጩት አንዱ በመሆኑ ሳውንድ ካርዱ ቢያንስ 60 ዲሲቤል ያህል እንዲያጎላለት ይፈልጋል። ብዙ ርካሽ ካርዶች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት መክፈቻቸው ያልቃል፤ የሚደርሱትም ቢሆኑ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይጨምሩበታል። ያን ጊዜ ሌላ ማጉያ መግዛት ይመጣል፤ ስልክ ይደወልልዎታል፤ ሌላ መንገደኛ ይፈለጋል። በዚያው 400 ዶላር አንድ 58፣ አንድ 57፣ ሁለት ገመድና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሊገዙለት ይችላሉ፤ ሻንጣዎም ቦታ አያጣም፤ ሁለቱ ማይኮች እያንዳንዳቸው 300 ግራም እንኳ አይሞሉም።

ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ዳይናሚክ ማይክ ከግድግዳ ኃይል ስለማይወስድ የአሜሪካው 120 ቮልትና የእኛው 220 ቮልት ልዩነት አይመለከተውም። ሚክሰር ወይም ባትሪ መሙያ ያለው ዕቃ የሚጨምሩ ከሆነ ግን በመሙያው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ አይግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። 58 በብዛት ተመሳስለው ከሚሠሩ ማይኮች አንዱ ነው። በግማሽ ዋጋ አዲስ ነው ተብሎ የሚቀርብ ካገኙ ይጠርጥሩ፤ በታወቀ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ይግዙ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነ ይተዉት።

ጥያቄ

ከአዳማ። ዳይናሚክ ማይክ አብሮት ከመጣው ገመድ ጋር ገዝቼ በአነስተኛ ማገናኛ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው የሚሰማው፤ በላዩም ላይ «ኡምም» የሚል ድምፅ አለበት። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ

ማይኩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ከርካሽ ማይኮች ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፉ ትልቅ ጃክ ያለው ነው፤ ይህ ዓይነቱ ገመድ ከኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ከመሙያዎች የሚወጣውን ጉምጉምታ እንደ አንቴና ይሰበስባል። በአንዱ ጫፉ ሦስት እግር፣ በሌላው ሦስት ቀዳዳ ያለው፣ ኤክስ ኤል አር የሚባለው ገመድ ግን ድምፁን በሁለት ሽቦዎች በተቃራኒ አኳኋን ይልካል። በመንገድ ላይ የገባው ጉምጉምታ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚገኝ ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ሲወስድ ጉምጉምታው ይጠፋል። የላፕቶፑ ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ለጆሮ ማዳመጫ ማይኮች የተሠራ በመሆኑ የዳይናሚክ ደካማ ኃይል አይበቃውም፤ ስለዚህ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ያስፈልግዎታል። ካርዱ ላይ የ48 ቮልቱ መብራት በስሕተት ቢበራ አይደንግጡ፤ ደህና ኤክስ ኤል አር ገመድ እስከተጠቀሙ ድረስ ጤነኛ ዳይናሚክ ማይክን አይጎዳም። መክፈቻውን፣ እጅግ ጮክ ብለው ሲዘፍኑ የፕሮግራሙ መለኪያ ከ−10 ዲሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ አድርገው ያስተካክሉ።

ካርድ ከገዙም በኋላ ድምፁ አሁንም ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለዎት የቀረጻ ፕሮግራሙ የትኛውን ማይክ እንደመረጠ ይመልከቱ። ጀማሪ ሳለሁ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ዘፋኝ «እንደገና፣ እንደገና» እያልኩ ካደከምኩት በኋላ የቀረጽነው በሙሉ በላፕቶፑ የራሱ ማይክ እንደነበረ ተረድቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የማይኩን ወንፊት በጥፍሬ ጫር ጫር አደርገዋለሁ፤ ጫጫታው በጆሮ ማዳመጫው ጎልቶ ካልመጣ ፕሮግራሙ የሚሰማው ሌላ ማይክ ነው። ማይክዎ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ከሆነም ማብሪያው ላይ በፕላስተር ይለጥፉበት።