የቤዝ ጊታሬ ክር ቶሎ ይሞትብኛል

ድሬዳዋ የሚኖር አንባቢያችን ቸርች ውስጥ ቤዝ ይጫወታል። «ጋሼ፣ አዲስ ክር በገባ በሦስት ሳምንቱ ድምፁ ይታፈናል። ወፍራሟ ኢ ደግሞ ከተገጠመችበት ቀን ጀምሮ ዱም፣ ዱም ነው የምትለው። የገጠመልኝ ልጅ የስፌት መኪና ዘይት ቢቀባትም አልተሻላትም» ይላል።

ወንድሜ፣ ጊታሩን ባላየውም ጥርጣሬዬን ልንገርህ። ከአራቱ ክሮች ሦስቱን የገደላቸው ላብ ነው። ወፍራሟን የገደላት ፒንሳ ነው።

የቤዝ ክር መሃል ለመሃል አንድ ሽቦ አለ፣ በላዩ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ልጁ ሳያጥፋት ቆርጧት ይሆናል። ያኔ ጥምጥሙ ይላላል፣ ድምፁም አብሮት ይሄዳል። ጫፏን እያት። ተበትኖ ካገኘኸው አትድንም፣ ቀይራት። አዲሷን ከመቃኛው 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር አሳልፈህ በፒንሳ 90 ዲግሪ እጠፋት። ከእጥፋቱ ወዲያ አንድ ሴንቲ ተኩል አስቀርተህ ቁረጥ። ጫፏን መቃኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተህ ወደ ታች ጠምጥም፤ በራሷ ላይ እንዳትጠማዘዝ ብቻ።

አሁን ላቡ። ይቺን ሳስረዳ አይሰለቸኝም። ኢ ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ግን በዚያው ቅጽበት ግማሿ በ82፣ ሲሶዋ በ123፣ ሩቧ በ164 ይርገበገባል፤ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። የአዲስ ክር «ጭንንን» የሚለው ነገር እነዚህ የላይኞቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ክሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንድትከብድ ይፈልጋሉ። ላብ፣ ቅባትና የቆዳ ፍቅፋቂ ጥምጥሙ መሃል ሲገባ እጅህ የሚበዛበት ቦታ ይከብዳል፣ ጥምጥሙም ይያያዛል። የላይኞቹ ይታፈናሉ፤ የታችኛው ብቻውን ዱም ይላል። ክራር እንዲህ አያስቸግርም፣ ክሩ ልሙጥ ስለሆነ ቆሻሻ የሚደበቅበት የለውም። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ክር ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል፤ እሱ ግን የሚጠቀመው ፍላትዋውንድ የሚባለውን፣ ጥምጥሙ ጠፍጣፋ የሆነ ልሙጥ ክር ነበር፣ የሚወደውም ያንኑ ደፈን ያለ ድምፅ።

ዘይቱንማ ተወው! ጥምጥሙ ውስጥ ገብቶ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም። ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ሦስቱን ሳትቆርጥ ፍታቸው። ሰፋ አድርገህ ጠቅልላቸውና ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ዘፍዝፈህ አሳድራቸው። 70 በመቶው ውሃ አለው፣ ያዝገዋል። ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ ባለበት ቤት ይህን እንዳትሞክር። የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን በደንብ እንኳ አይታይም። ጠዋት በጨርቅ እያሸህ ጥረጋቸው፤ ጨርቁ ሲጠቁር ታየዋለህ። አልኮሉ የጊታሩን ቀለም እንዳይነካ። አንዳንድ ሰው ክሩን በውሃ ይቀቅላል። ለጥቂት ቀን ይነቃል፣ ከዚያ ይዝጋል።

ከዚያ በኋላ ተጫውተህ በጨረስክ ቁጥር ክሩን በጥጥ ጨርቅ ዙሪያውን ቆንጥጠህ፣ ሆዱንም ጭምር፣ ከብሪጅ (ሰውነቱ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ነት (መቃኛዎቹ ጋ ክሩ እስከሚያርፍበት) ጥረግ። ከመጫወትህ በፊት እጅህን ታጠብ፤ ከዶሮ ወጥ የተነሳ እጅ የክር ጠላት ነው።

ስም የሌለውን ርካሽ ክር አትግዛ። ላዩ ላይ የተለበጠው ኒኬል ስስ ነው፣ ቶሎ ይላጥና ብረቱ ይጠቁራል። ስቴይንለስ ላብ ይችላል፣ ድምፁም ይበልጥ ያበራል፤ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች) ግን ይበላል።

መብራት ቢጠፋ ደግሞ የአልኮሉን ዕቃ በሻማ እንዳትፈልግ፣ በስልክህ ባትሪ አብራ። ቀጭኗ ጂ ሁለት ሦስቴ ከተፈታች እጥፋቷ ላይ ትበጠሳለች፤ አንድ ትርፍ ይዘህ ቸርች ሂድ።