18 ሺህ ዶላር በካሽ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ብበር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴና ከትልቁ ልጃችን ጋር ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ለእናቴ ሕክምና ያጠራቀምኩትን 18 ሺህ ዶላር በካሽ እይዛለሁ። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ እንዳይወስዱብኝ "6 ሺህ 6 ሺህ ተካፈሉት" የሚሉኝ አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይከፋፍሉት! ወዳጆችዎ ለእርስዎ አስበው ነው። ግን ላብዎን ያፈሰሱበትን ገንዘብ ለውርስ የሚዳርገው ይኸው ምክር ነው።

ከአሜሪካ ይዘው ለሚወጡት ገንዘብ ጣሪያ የለም። ቀረጥም አይከፈልበትም። ከ10 ሺህ ዶላር ከበለጠ ግን ፊንሴን 105 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ብርም ሆነ ዩሮ ካለዎት አብሮ ይደመራል። ገንዘቡ የእርስዎ ስለሆነ በሦስት ቦርሳ ቢገባም ያው 18 ሺህ ነው። ላለማሳወቅ ብሎ መከፋፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ቦርሳዎን በማሽን የሚያሳልፉት የቲኤስኤ ሠራተኞች ሥራቸው መሣሪያና ፈንጂ መፈለግ ነው። ብዙ ካሽ ካዩ ግን ፖሊስ ወይም ጉምሩክ ሊጠሩ ይችላሉ። ጉምሩኮቹም አንዳንዴ አውሮፕላኑ መግቢያ ላይ ቆመው "ስንት ይዘዋል?" ይላሉ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ደንገጥ ብሎ አሳንሶ ይናገራል፤ ከዚያ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሆሴፕ ባጃካጂያን የተባለ ሰው ከሎስ አንጀለስ ሲወጣ ገንዘብ የሚያነፈንፉ ውሾች ሻንጣውን ያዙበት። "እኔ 8 ሺህ፣ ባለቤቴ 7 ሺህ ይዘናል" አለ። የተገኘው 357,144 ዶላር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 "ሁሉንም መውረስ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም" ብሎ ፈረደለት። በዚህ ፍርድ ግን አይተማመኑ። ኮንግረስ በ2001 ካሽ ደብቆ ማሻገርን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጎታል።

ስለዚህ ቅጹን ቀደም ብለው በኢንተርኔት ይሙሉና ኮፒውን አትመው ይያዙ። በወረቀት ከሞሉት ግን ወደ ፍተሻ ከመግባትዎ በፊት የጉምሩክ ሰው ጠይቀው ያግኙ፤ አሜሪካ ሲወጡ የግድ የሚያልፉበት የጉምሩክ መስኮት የለም። ካሹን ለጭነት በሚሰጡት ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይክተቱ። ከባንክ ያወጡበትን ደረሰኝና የእናትዎን የሐኪም ወረቀት አብረው ይያዙ። ቦሌ ሲደርሱም ለጉምሩክ ያሳውቁ።

ምናልባት ከተያዘብዎ ደረሰኝ ይቀበሉ። በገንዘቡ ላይ ያለኝን መብት ትቻለሁ የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ አይፈርሙ። በኋላ በፖስታ የሚደርስዎ ደብዳቤ ላይ መቃወሚያ የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። ያ ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ያነጋግሩ።