አጥንቱ ገጠመ፣ ክንዴ ግን አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሹሩባ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሲታጠፍ ተገለበጠና በግራ ትከሻዬ ወደቅሁ። ራጅ ተነሥቼ፣ ከአንገቴ ሥር ያለችው አጥንት መሐል ላይ ተሰብራለች፣ ቀዶ ሕክምና ግን አያስፈልግም ተባልኩ፤ ክንዴን በማንጠልጠያ አሰሩልኝ። ይኸው 7 ሳምንት ሆነኝ። በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ሲደገም «እየገጠመ ነው፣ ማንጠልጠያውን አውልቂ» ብለውኛል፤ እኔ ግን ፈርቼ አላወለቅሁም። ስብራቱ ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አለ። ክንዴ ከደረቴ በላይ አልነሳ ብሏል። አማቴ ወጌሻ ይየው ይላሉ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ደንበኞቼ ወደ ሌላ ቤት እየሄዱብኝ ነው። አጥንቱ ጠሞ ይሆን የገጠመው? ወደ ሥራዬስ መቼ ነው የምመለሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ የገዛ ትከሻዬን ዳበስኩ። በ2001 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር በብስክሌት ስሄድ ውሻ ገባብኝና በቀኝ ትከሻዬ ወደቅሁ። የተሰበረችው ያችው አጥንት ነበረች። ያየኝ ባለሙያ «እስኪድን እንዳትነካው» አለኝ፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ክንዴን ከደረቴ ጋር አጣብቄ፣ ሰው ፊት በግራ እጄ መጉረስ እያሳፈረኝ እንጀራ በሹካ እየበላሁ ከረምኩ። ማንጠልጠያውን ባወለቅሁ ዕለት ሸሚዝ መልበስ አቃተኝ። አጥንቱ ደህና ገጥሟል፤ የዛገው ትከሻው ነበር። እሱን ለማላቀቅ ሌላ አምስት ወር ፈጀብኝ። ፊዚዮቴራፒስት ያደረገኝም ይኸው ቁጭት ነው። ስለዚህ ያሉሽን ስሚና ማንጠልጠያውን ዛሬውኑ አውልቂው። ገበያ ወይም ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋሽ ከሰጋሽ ለአንድ ሳምንት ለዚያ ብቻ አድርጊው፤ ቤት ውስጥ ግን ይቅር።

ይቺ አጥንት፣ ሐኪሞች ክላቪክል የሚሏት፣ ክንድን ከደረት ጋር የምታያይዝ ብቸኛዋ የአጥንት ድልድይ ናት። ስትሰበር የአንገት ጡንቻ የውስጡን ቁራጭ ወደ ላይ ይስባል፣ የክንድ ክብደት ደግሞ የውጪውን ወደ ታች ይጎትታል። ማንጠልጠያው ያንን ክብደት ይሸከማል እንጂ ቁራጮቹን መልሶ አያጋጥምም። ታዲያ ብዙ ጊዜ ፍጹም ሳይጋጠሙም ይድናሉ። ስብራቱ መሐል ላይ ከሆነ፣ ቆዳ ካልቀደደ፣ ነርቭና ደም ሥር ካልነካ፣ ቁራጮቹም በጣም ካልተራራቁ ወይም ካልተደራረቡ ያለ ቀዶ ሕክምና መታከሙ የተለመደ ነው። በአዋቂ ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። የሚያስጨንቅሽ እብጠት አጥንቱ ራሱን የጠገነበት ልጥፍ ነው፤ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ትንሽ ጉብታ ግን ሊቀር ይችላል። የእኔ አሁንም በጣት ይዳሰሳል፣ ሥራ ከልክሎኝ ግን አያውቅም።

አማትሽን አላስቀይምም፤ እኔም ወጌሻ አክብሬ ነው ያደግሁት። ይህን ቦታ ግን ማንም አይሸው። ከአጥንቱ ሥር ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥርና የእጅ ነርቮች ያልፋሉ፣ የሳንባ ጫፍም እዚያው ነው። ገና ጥሬ የሆነ ልጥፍ በእሽት ቢለቅ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ትመለሻለሽ።

አሁን ወደ ክንድሽ። በቀኝ እጅሽ ጠረጴዛ ተደገፊ፣ ጎንበስ በይና ግራ ክንድሽን ወደ መሬት ልቀቂው። ቄሱ ጽና ሲያወዛውዙ አይተሻል፤ ክንድሽ ጽናው ነው፣ አወዛዋዡ ደግሞ ወገብሽና እግርሽ። ጽና ራሱን አያወዛውዝም። የትከሻሽ ጡንቻ ሲጨነቅ ከተሰማሽ እየተሳሳትሽ ነው፣ ቆም ብለሽ እንደገና ጀምሪ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ ፍራሽ ላይ በጀርባሽ ተኚና የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅሽ ያዢ፤ ጤነኛው ቀኝ እጅሽ እየገፋ ግራውን ወደ ራስጌ ይውሰደው። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቁሚና ጣቶችሽ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ይውጡ፤ የቆሙበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። በየቅዳሜው አዲስ ምልክት ይጨመራል። (እኔ ያኔ የተከራየሁትን ክፍል ግድግዳ እንደ መለኪያ ዱላ አድርጌው አከራዬ ተቆጥተውኛል፤ አንቺ ወረቀት ለጥፊበት።)

እስካሁን ክንድሽን ከትከሻ በላይ እንዳታነሺ የተከለከልሽው ያለ ምክንያት አይደለም። ክንድ ከዚያ ከፍታ ሲያልፍ ይቺ አጥንት አብራ ትነሳለች፣ በራሷ ላይም ትዞራለች፤ መዞሩ ስብራቱን ይጠመዝዘው ነበር። አሁን ራጁ መግጠም መጀመሩን ካሳየና ስትጫኚው ብዙ ካላመመሽ፣ ቀስ እያልሽ ማለፍ ትችያለሽ።

የሥራ ቤትሽ መስታወት ደግሞ ከእኔ የተሻለ ተቆጣጣሪ ነው። ክንድሽን ስታነሺ ግራ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ የሚሸሽ ከሆነ ክንዱን አላነሳሽም፣ ትከሻውን ነው የሰቀልሽው። ዝቅ አድርገሽ፣ መስታወቱ ሁለቱን ትከሻ እኩል እስኪያሳይሽ ድረስ ብቻ አንሺ። ሕመሙ ትንሽ ሆኖ ስታርፊ የሚለቅ ከሆነ ችግር የለውም፤ ማግስቱን ጠዋት ከትናንቱ ብሶ ካደረ ግን ብዛቱን በግማሽ ቀንሺ። መተው ግን የለም።

ሥራሽን በተመለከተ ሹሩባ ከጄሪካን ይከብዳል ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ጄሪካኑን አንስተሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሹሩባ ግን ክንድሽን ሰዓታት አየር ላይ ያቆይብሻል። ስለዚህ ደንበኛዋን መሬት ወይም ዱካ ላይ አስቀምጪ፣ አንቺ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ክርንሽ ከትከሻሽ በታች ይዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወፍራም ጉንጉን ብቻ፣ 20 ደቂቃ ሠርተሽ 10 ደቂቃ በማረፍ ጀምሪ። ቀጫጭኑን የሙሽራ ሹሩባ ዘንድሮ ለጓደኛሽ አስተላልፊው፤ ጥር በዓመቱ ይመጣል። በግራ እጅሽ ለጊዜው ከአንድ ሊትር ውኃ የከበደ አታንሺ። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ከ3 ወር በፊት አይሞከርም። ሙቀጫ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው፣ የዘነዘናው ምት በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል።

እጅሽ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አጥንቱ ቆዳውን ወደ ውጭ ከወጠረው ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከ3 ወር በኋላም ስብራቱ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል እንቅስቃሴ ካለ ላይገጥም ይችላልና የአጥንት ሐኪም ይየው። ስኳር ካለብሽ ደግሞ ትከሻ በቀላሉ ስለሚደርቅብሽ መልመጃውን አንድ ቀን እንኳ አታጥፊ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ አዳማ እኛው ቤት ከአልጋ ወድቆ ይቺኑ አጥንት ተሰብሯል። ሁለት ሳምንት አለፈው፤ ማንጠልጠያውን እያወለቀ አስቸገረኝ። ስፖርት ላሠራው? ትከሻን ወደ ኋላ የሚስብ የስምንት ቅርጽ ማሰሪያ ልግዛለት? (አባት)

መልስ፦ ማሰሪያውን አይግዙ፤ ከተራው ማንጠልጠያ የተሻለ ውጤት የለውም፣ ብብቱን ግን ያቆስለዋል። በዚህ ዕድሜ አጥንት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይገጥማል። ክንዱን በራሱ ፈቃድ እያነሳ የሚጫወት ከሆነ ሕመሙ ቀንሷል ማለት ነው፣ ማንጠልጠያው ይቅርለት። ስፖርትም አያስፈልገውም፤ ልጅ ትከሻውን በጨዋታ ያፍታታል። ኳስና ዛፍ መውጣት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት፣ የለም። አልጋውንም እስከዚያው ፍራሹን መሬት አውርደው ያስተኙት።