መልስ፦ የሁለት ወር ልጄን በጎን ላስተኛት ወይስ በጀርባ?

አብሽሪ እህቴ። አማትሽ «በጀርባዋ ከተኛች ትውከቱ ያንቃታል፣ በጎን አድርጊያት» ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ የእኔም እናት ልታርሰኝ ደሴ መጥታ ያንኑ ነበር የምትለኝ። ግን በጀርባዋ አስተኚያት፤ ቀንም ሌሊትም፣ ዓመት እስኪሞላት።

የመታነቁ ነገር እንዲህ ነው። በጀርባዋ ስትተኛ የአየር ቧንቧዋ ከላይ፣ የምግብ ቧንቧዋ ከታች ይሆናል፤ ያቀረሸችው ወተት ሽቅብ ወጥቶ አየር ቧንቧ መግባት ይከብደዋል። በሆዷ ስትሆን ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በጎን መተኛትም አያስተማምንም፣ ትንሽ ከተወራጨች በሆዷ ትደፋለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ተኝተው ሳለ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጋቢው ነው። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ እናውቀዋለን፣ ልጅ እስከ አፍንጫው ይጀቦናል። አንድ ሌሊት ብንን ስል ጋቢው የልጄን ፊት ሸፍኖት፣ ፀጉሩ በላብ ርሶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ደረብ አድርጌ ማልበስ እንጂ ላዩ ላይ መከመር ተውኩ። ትራስም አታድርጊላት፤ ፍራሹም ጠንከር ያለ ይሁን። እጇ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፣ ሙቀቷን ደረቷን ወይም ማጅራቷን ዳብሰሽ እይ።

ጭንቅላቷ ጠፍጣፋ እንዳይሆን ነቅታ ሳለች፣ አጠገቧ ሆነሽ፣ በሆዷ አጫውቻት። እና ኮምቦልቻ ስትወርዱ አንዱን ልብስ አውልቂላት፣ እዚያ ይሞቃል።