አውሮፕላኑና የምድሩ መሣሪያ ሳይስማሙ ሲቀሩ

ጥያቄ፦ ፀሐይን እየተከተለ የአየሩን ዓምድ (ከመሬት እስከ ላይ ያለውን አየር በሙሉ) የሚለካ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ የሚለይ መሣሪያ፣ አለን። አውሮፕላን በሁለት የተለያዩ ቀናት በጣቢያችን ላይ እየዞረ ከ12 ኪሎ ሜትር ወርዶ ለካልን። የእኛ ውጤት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለቱንም ቀን 1 በመቶ ያህል ያንሳል። በሚቴን ግን አንዱን ቀን 1.5፣ ሌላውን ቀን 3 በመቶ ያንሳል። አማካዩን ወስጄ ላስተካክል?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አያስደንግጥዎ። መሣሪያው የጋዙን መጠን የሚያሰላው ጋዙ ከፀሐይ ብርሃን ላይ በሚመጥጣቸው መስመሮች ነው፤ በላቦራቶሪ የተለካው የመስመሮቹ ጥንካሬ ትንሽ ከተዛባ ውጤቱም አብሮ ይዛባል። ቲኮን የሚባለው ዓለም አቀፍ የጣቢያዎች መረብ በ2010 ያሳተመው ንጽጽር፣ የምድሩ ውጤት ለአውሮፕላኑ ሲካፈል፣ 0.989 ነው፤ የእርስዎም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የሚያሳስበኝ የሚቴኑ መለያየት ነው። የመስመር ጥንካሬ በቀናት ልዩነት ስለማይለወጥ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው አውሮፕላኑ ያልደረሰበትን የላይኛውን አየር ነው። በ12 ኪሎ ሜትር ላይ ግፊቱ 200 ሄክቶፓስካል አካባቢ፣ ማለትም መሬት ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ስለሆነ ከዓምዱ አንድ አምስተኛው ሳይለካ ቀርቷል። ሚቴን ደግሞ ከትሮፖፖዝ (የታችኛው የአየር ንብርብር ከላይኛው ከሚለይበት ድንበር) በላይ በፍጥነት ይቀንሳል። ለዚህ ክፍል በግምት የሞሉት ቁጥር 140 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 140 ክፍል) ቢስት ጠቅላላው ዓምድ 28 ፒፒቢ ይስታል፤ ይህም 1.5 በመቶ ያህል ነው። ልዩነትዎን ብቻውን ሊሸፍን ይችላል! ስለዚህ ለሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት የላይ ቅርጽ (የሚቴኑ መጠን ከከፍታ ጋር የሚለዋወጥበትን ግምት) ተጠቅመው ከሆነ የየቀኑን የትሮፖፖዝ ከፍታ ከአየር ትንበያ መረጃ ያውጡና ቅርጹን እንደገና ይሥሩ። አቅም ካለ ደግሞ ኤርኮርን የሚያህል የለም፦ በፊኛ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚወጣ የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ ነው፤ ሲወጣ አየሩ ይወጣለታል፣ ሲወርድ ያለፈበትን አየር በቅደም ተከተል ይሞላል።

ከዚያ መሣሪያዎ ሁሉንም ከፍታ እኩል እንደማያይ ያስታውሱ። የአውሮፕላኑን መረጃ በመሣሪያው የየከፍታ ትብነት ሳያስኬዱ ማነጻጸር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማነጻጸር ነው። በአውሮፕላኑ በኩል ደግሞ አየሩ ከመግቢያው እስከ መለኪያው የሚፈጀውን ጊዜ ከተመዘገበው ሰዓት ላይ ይቀንሱ፤ በሰከንድ 10 ሜትር ለሚወርድ አውሮፕላን የ10 ሰከንድ መዘግየት የ100 ሜትር ስሕተት ነው። አውሮፕላኑ ያልወረደበትን የመጨረሻ ጥቂት መቶ ሜትር በጣቢያው የመሬት መለኪያ ይሙሉት።

ይህን ሁሉ አድርገው ሁለቱ ቀናት ቢቀራረቡ እንኳ የጣቢያዎ ብቻ የሆነ ማስተካከያ ቁጥር አያውጡ። መረቡ ለሁሉም ጣቢያ አንድ ቁጥር የሚጠቀመው ጣቢያዎች እርስ በርስ እንዲነጻጸሩ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ከያዘ በአገሮች መካከል የምናየው ልዩነት የአየሩ ይሁን የቁጥሩ አይለይም። ለሶፍትዌርዎ ስሪት የወጣውን የመረቡን ቁጥር ይውሰዱና የእርስዎን በረራዎች ለማረጋገጫ ያቆዩ። ውጤቱንም በዚያ ቁጥር ከማካፈልዎ በፊት በየትኛው አቅጣጫ እንደተሰላ ይመልከቱ፤ በ0.989 መካፈል ያለበት ቢባዛ የ1 በመቶው ጉድለት ወደ 2 በመቶ ያድጋል።