የቢቢኤስ ኮምፒውተሮች የማህደረ ትውስታ ጥበት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ 4 ሜጋባይት እያለው፣ በዶስ (በቀድሞው የፒሲ ማስኬጃ ሥርዓት) የሚሠራ ቢቢኤስ (ሰዎች በስልክ እየደወሉ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጡበት ፕሮግራም) «ማህደረ ትውስታ አልበቃኝም» ብሎ የሚቆመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የጎደለው መጠን ሳይሆን ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 8088 ቺፕ መድረስ የሚችለው እስከ 1 ሜጋባይት አድራሻ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚህም ላይ የላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪን ካርድ፣ ለባዮስ (ኮምፒውተሩን ለሚያስነሣው ቋሚ ፕሮግራም) እና ለሌሎች ካርዶች ስለተያዘ፣ ለዶስና ለፕሮግራሞች 640 ኪሎባይት ቀረ። ኋላ ከ1 ሜጋባይት በላይ መድረስ የሚችል 386 ቺፕ ያለው ኮምፒውተር ቢገዛም ተራው የዶስ ፕሮግራም የሚኖረው በዚያችው ክፍል ነበር።

ጥያቄ፦ ቢቢኤስ ላይ ችግሩ የባሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፕሮግራሞቹ ስለሚደራረቡ ነው። መጀመሪያ ዶስ፣ ቀጥሎ ሞደሙን የሚያናግረው ፎሲል ድራይቨር፣ ከዚያ የፊዶኔት (ቢቢኤሶች በስልክ ደብዳቤ የሚለዋወጡበት መረብ) ደብዳቤ ተቀባዩ፣ በላዩ ቢቢኤሱ ይጫናል፤ ደዋዩ ጨዋታ ሲመርጥ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ቦታ ይጠይቃል። እኔ የምመርጠው ዘዴ ደብዳቤ ተቀባዩ ስልኩን ካነሣ በኋላ የመውጫ ቁጥር ትቶ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ፣ የባች ፋይሉም (ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽመው ፋይል) ቁጥሩን አይቶ ቢቢኤሱን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። ቢቢኤሱም ጨዋታ ሲከፍት ራሱን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ይዞ ይጠብቃል። ደዋዩ ትንሽ ይዘገያል እንጂ መስመሩ አይቋረጥበትም።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዶስ 5.0 ድራይቨሮችን በላይኛው 384 ኪሎባይት ውስጥ ወዳሉት ክፍት ቦታዎች ያወጣ የለም እንዴ?

መልስ፦ ያወጣል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አንድ ድራይቨር ሲጫን የሚፈልገው ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ከሚይዘው ስለሚበልጥ፣ ትልቁን አስቀድሞ ትንሹን ማስከተል ያዋጣል። ኔትወርክ ካርድ ካለ ደግሞ የካርዱን አድራሻ ኢኤምኤም386 (ላይኛውን ክፍል ለድራይቨሮች የሚያመቻቸው የዶስ ፕሮግራም) እንዳይነካው በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ ማግለል ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ሁለቱ በአንድ አድራሻ ይጋጩና ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ኢኤምኤም386ን ከጫንኩ ወዲህ ፋይል ሲተላለፍ ፊደላት ይጠፋሉ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሞደሙን ያለጥፋቱ ይወቅሳል። ኢኤምኤም386 ሲሠራ «ከሞደሙ ፊደል መጥቷል» የሚለው እያንዳንዱ ምልክት (ኢንተራፕት) ወደ ፎሲል ድራይቨሩ የሚደርሰው በእርሱ በኩል አልፎ ስለሆነ ይዘገያል። በሰከንድ 19,200 ቢት ፍጥነት አንድ ፊደል በግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ ከሞደሙ የሚመጣውን የሚቀበለው የድሮው 8250 ቺፕ ደግሞ ያልተነበበ ፊደል የሚይዘው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሳይነሣ አዲሱ ይመጣበትና ይጠፋል። 16550ኤ ቺፕ ግን እስከ 16 ፊደል ያቆያል። ቺፑ በሶኬት የተሰካ ከሆነ ነቅለው በቦታው ይተኩት፤ ፎሲሉም ይህን ማቆያ እንዲጠቀም መታዘዙን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በአንድ ኮምፒውተር ሁለት የስልክ መስመር ይቻላል?

መልስ፦ በ386 ላይ በዴስክቪው (የዶስ ፕሮግራሞችን በየመስኮታቸው ጎን ለጎን በሚያሠራው) እና በኪውኢኤምኤም (ማህደረ ትውስታውን በሚያስተዳድረው) ይቻላል። ከዴስክቪው በፊት የተጫነ ማንኛውም ነገር የእያንዳንዱን መስኮት ቦታ ስለሚቀንስ፣ አንዱ መስመር ብቻ የሚፈልገውን ፕሮግራም በራሱ መስኮት ውስጥ ይጫኑት።